ለሩዝ የተበጠበጠ ስኳር

ሰው ሁሉ ስኳር ፍለጋ በተሰለፈበት ቦታ ጨው የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ሌላው የማያውቀውን ነገር ያውቃል፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ነካ ያደርገዋል። ጋሽ ኃይለሚካኤል ያን ዕለት ጠዋት ሶሲ በሱቁ መስኮት ብቅ ስትል ሦስቱንም በየተራ ጠረጠሩ።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ልደታ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ የሸማቾች ሱቅ ንብረት ያዥ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ፈጅተው ጡረታ ሲወጡ፣ የሰፈሩ ሰው «በእኚህ ሰው እጅ መርፌ አይጠፋም» ብሎ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው። እውነትም መርፌ አይጠፋም። ክርም አይወጣም እንጂ። የእሳቸው ሕግ አጭር ነው፦ «ካልወጣ አይጠፋም።» ዕቃ የሚጎድለው ሲወጣ ነው፤ እንግዲያው ያላወጣ አላጎደለም፤ ያላጎደለም በሰላም ይተኛል።

ያን ሰሞን ለሱቁ ስኳር ገብቶለት ነበር። መኪናው ሲያራግፍ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አይቷል። ነገር ግን ስኳር ለመከፋፈል ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተሙ ያለው ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ስልጠና ላይ ናቸው። ስለዚህ ስኳሩ መጋዘን፣ ሕዝቡ ደጅ፣ ቁልፉ በጋሽ ኃይለሚካኤል አንገት፣ ማኅተሙ ሐዋሳ። ሰልፈኛው ግን ምናልባት በማለት በየጠዋቱ ይመጣል። ተስፋ ማድረግ ማኅተም አያስፈልገውም።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አለች ሶሲ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስኳር እንደሆነ ማኅተም አልመጣም። ከሰልፉ ኋላ ግቢና ጸልዪ።»

«ስኳር አይደለም፣ ጨው ነው። በርከት አድርገው ይስጡኝ።»

«ሠርግ ደግሰሻል?»

«አልደገስኩም።»

«ቆዳ ልታለፊ ነው?»

«ሩዝ ላጠጣው ነው።»

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ሙሉመቤት ሳቋን ለቀቀችው። ሙሉመቤት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሻይ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከሻይዋ የሚፈላ ሴት ናት። «እሰይ! እኛ ለሻይ የምንጨምረው አጥተን ሩዙ ጨው ሊጠጣ! ጋሼ፣ ይስጧት እንጂ። በዚህ ሱቅ ማኅተም የማይፈልገው ጨው ብቻ ነው።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጅቷን አዩዋት። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚከብድ ልጅ ናት። ግንባሯ ላይ ግን የሚያውቁት ነገር አለ።

«ቆይ እስቲ። አንቺ የመምህር ቃለሕይወት ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍሱን ይማረው። የእኔን ልጆች ፊደል ያስቆጠረ እሱ ነው። ዛሬ በየአገሩ ሆነው ‘አባዬ እንዴት ነህ’ ብለው የሚጽፉልኝ በእሱ እጅ በተማሩት ፊደል ነው። በይ፣ ጨዉን ውሰጂ። ሌላስ?»

ሶሲ ይህን አጋጣሚ አላሳለፈችውም። የምታጠናው የዕፅዋት ሳይንስ መሆኑን፣ የሩዝ ችግኞቿን የምታሳድግበት የዩኒቨርሲቲው የመስታወት ቤት ጣሪያው ረግፎ ጥገናው ግዢ ክፍል ገብቶ እንዳልወጣ፣ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ደግሞ ፀሐይ እንደማያየው ነገረቻቸው። ሩዝ ብርድ አይወድም። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ጓሮ ግን ግድግዳዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ትሞቃለች።

«እስከ ግንቦት ልደታ ብቻ ቢያስቀምጡልኝ። ትምህርቴ የሚያልቀው ዘንድሮ ነው፤ ይህ ሙከራ ከተቋረጠብኝ ሁለተኛ ዕድል የለኝም።»

«ለአባትሽ ውለታ ጓሮ አይደለም፣ ሳሎኔን እሰጥሻለሁ» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል። ሳሎናቸው ግን በሚስታቸው በእትዬ ሠርካዲስ እጅ ስለሆነ ጓሮው ተሰጠ።

ሶሲ በማግስቱ አንገታቸው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖች በሚኒባስ ጭና መጣች። በየጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ የሩዝ ችግኝ ቆሟል። ዘሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅጠሉ ሰፊ፣ ቁመናው የደላው፣ ገበሬ የሚወደው ነው። ሌላው ቀጭን ነው፣ ያሳዝናል፤ በቆሎ መሐል ቢበቅል ሣር ነው ተብሎ ይታረማል። ጋሽ ኃይለሚካኤል የመጀመሪያውን «ባለጸጋው»፣ ሁለተኛውን «ቀጭኑ» ብለው ሰየሙ። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ጎራ እያሉ ሁለቱንም እንደ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸው ጀመር።

ይህ ፍቅር የዘለቀው ሶሲ ጨዉን በባልዲ በጥብጣ ችግኞቹ ላይ ስታፈስ እስካዩበት ቀን ነው።

«ምን ማድረግሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ፣ ቁልፋቸውን ጨብጠው። «በድሮ ዘመን ድል ያደረገ ንጉሥ የጠላቱን ከተማ አፍርሶ ጨው ይዘራባት ነበር፤ ዳግም እንዳትለመልም። እኔ ጓሮዬን የሰጠሁሽ እንድታለሚበት ነው፤ አንቺ ትረግሚበታለሽ?»

«ጋሼ፣ አፈሩን አልነካሁም፤ ሁሉም ጀሪካን ውስጥ ነው።»

«ፍጥረቱስ? ዝም ብሎ የቆመ ችግኝ ምን አደረገሽ? ለአባትሽ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ እነዚህን ነገ ጠዋት ታነሺልኛለሽ።»

ሶሲ ባልዲዋን መሬት አኖረች። አንባቢ እዚህ ላይ የተማረች ልጅ «ጋሼ አይገባዎትም» ብላ አፏን አጣማ ትሄዳለች ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ብዙዎቻችን እንዲያ እናደርጋለን፤ ከዚያም «ሕዝቡ ሳይንስ አይወድም» ብለን ጽሑፍ እናቀርባለን። ሶሲ ግን የመምህር ልጅ ናት። የቢራ ሳጥን ገልብጣ «ይቀመጡ» አለቻቸው፤ እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አዋሽ ዳር ሄደው ያውቃሉ?»

«በሥራ ዘመኔ አልፌበታለሁ። ጥጡ ነጭ ነበር።»

«አሁን አንዳንዱ ቦታ ነጭ የሆነው በጥጥ አይደለም። በመስኖ በሚጠጣ ሙቅ አገር ውሃው ወደ ላይ ይተናል፣ ጨዉ ከታች ይቀራል። ከዓመት ዓመት ሲከማች መሬቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ማንም ድል ያደረገ ንጉሥ አልመጣም፤ ጨዉ ግን ተዘርቷል። እዚያ ያለው ገበሬ ‘ተነሥ’ ቢባል ወዴት ይሄዳል?»

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ግን ሦስተኛ መጣሽ፤ ታጠጫለሽ።»

«የማጠጣው የትኛው ዘር እንደሚችለው፣ የሚችለውም ለምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ነገሩ የስኳር ጉዳይ ነው።»

«ስኳር» የሚለው ቃል ሲነሳ ጋሽ ኃይለሚካኤል ሳያስቡት እጃቸውን ቁልፉ ላይ አደረጉ።

«ሩዝ ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ላይ ነው፤ በፀሐይ» አለች ሶሲ። «ጨዉ የሚያጠቃው ግን ሥሩን ነው። ሥር ጨው ሲገባበት ጨዉን መልሶ ወደ ውጭ መግፋት አለበት፣ ውሃውን መያዝ አለበት፣ ደግሞም ማደግ አለበት። ለዚህ ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱ ስኳር ነው። ሥር ደግሞ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ራሱ ስኳር አይሠራም።»

«ስለዚህ ከላይ ይላክለት።»

«ይላክለት! ግን ስኳር ዝም ብሎ ከቅጠል አይወጣም። በር ይፈልጋል። በቅጠሉ ውስጥ ስኳር የሚያሳልፉ ጥቃቅን በሮች አሉ። የእነዚህ በሮች አሠራር የተጻፈው ዘረመል ላይ ነው። ሥሩ ጨው ሲቀምስ የጭንቅ መልእክት ወደ ላይ ይልካል። ያኔ አንድ አዛዥ ዘረመሉ ላይ ቁጭ ብሎ ‘በሮቹ ይብዙ’ ይላል። በሮቹ ይሠራሉ፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሥሩ ይበረታል።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል አገጫቸውን አሹ። የአስተዳደር ነገር ሲሆን ቶሎ ይገባቸዋል። «አዛዡ ቁጭ ሳይል በሩ አይሠራም?»

«እንደሚገባው አይሠራም።»

«እንግዲያው ሩዝም ማኅተም አለው ማለት ነዋ!»

«አለው፣ ጋሼ። ስልጠና ግን አይሄድም።»

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ቢሆንም የንብረት ክፍል ሰው በአንድ ሳቅ አይረታም።

«ይህን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም። በሌላ አገር ሩዝ ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ይመስገኑና ጽፈው አኑረውልናል። እኔ የምጠይቀው፣ እነዚህ ሁለት ዘሮች ጨው ሲመጣባቸው በራቸውን እኩል ይከፍታሉ ወይ የሚለውን ነው።»

«የእግዜርን ሥራ ነካክተሽዋል?»

«አልነካካሁም። ሁለቱም ከገበሬ እጅ እንደመጡ ናቸው። እኔ የተጻፈባቸውን አነባለሁ እንጂ አልጽፍም።»

«እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የሚቋቋመው ባለጸጋው ነው። ያለው ሰው ይችላል። ቀጭኑ በምን አቅሙ?»

«እንግዲያስ አብረን እንይ። እስከ ግንቦት ልደታ ይታገሡኝ፤ ከተሳሳትኩ እኔው በጀርባዬ ተሸክሜ አወጣቸዋለሁ።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ፈቀዱ። የፈቀዱት ግን ስላመኑ ሳይሆን ባለጸጋው ሲያሸንፍ ለማየት ነው።

ባለጸጋው አላሸነፈም። ጨው መጠጣት ከጀመረ በኋላ ቅጠሉ ከጫፉ እየተጠቀለለ፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይጠወልግ ጀመር። ቀጭኑ ማደጉን ቀነስ አድርጎ፣ አንገቱን ሳይደፋ ቆመ። ጋሽ ኃይለሚካኤል በየጠዋቱ ባለጸጋው ዘንድ ቆመው የተጠቀለለውን ቅጠል በጣታቸው ሊዘረጉ ይሞክራሉ። የተከበረ ሰው በአደባባይ ሲወድቅ እንደማየት ሆነባቸው። የሶሲ ቃልም ጆሯቸው ውስጥ ያቃጭላል፦ ሥሩ የሚፈልገው ስኳር ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ደንግጦ ሲወድቅ ምን ይደረጋል? ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል። ጋሽ ኃይለሚካኤልም ይህንኑ አደረጉ።

ነገሩን ያጋለጠባቸው ጉንዳን ነው። ሶሲ አንድ ጠዋት ስትመጣ ከአጥሩ ሥር እስከ ባለጸጋው ጀሪካኖች ድረስ ጥቁር ሰልፍ ተዘርግቷል፤ ከሱቁ ፊት ካለው ሰልፍ የሚለየው ይኼኛው መንቀሳቀሱ ብቻ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቷል። ጎንበስ ብላ ስታሸተው እንደ ተበላሸ ጠላ ይሸታል።

«ጋሼ!» ብላ ተጣራች። «እዚህ ምን ተደርጎበት ነው?»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ይዘው መጡ። «አክሜልሻለሁ! ስኳር በጥብጬ ሳጠጣልሽ ሰነበትኩ። አንቺ አይደለሽም ያልሽው?»

ለሻይ ውሃ ልትቀዳ የመጣችው ሙሉመቤት ጀሪካኗን ጣለች። «ምን? ሰፈሩ በመራራ ሻይ እያዛጋ፣ የመጋዘኑን ስኳር ለሣር?»

«ማርያምን! ከመጋዘኑ አንዲት ፍሬ አልነካሁም!» ጋሽ ኃይለሚካኤል እጃቸውን ወደ ልደታ ማርያም አቅጣጫ አነሱ። «ከቤቴ ነው። የእኔን ድርሻ ነው ያጠጣሁት። ሠርካዲስን ጠይቋት፤ ሻዬን እየመረረኝ ስጠጣ ነው የሰነበትኩት።»

ሶሲ ልትቆጣ የሰበሰበችው ቁጣ ሁሉ ከእጇ ወደቀ። ስኳር በጠፋበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ የራሱን ሻይ አምርሮ ሩዝ ያስታምማል። ይህን ሰው ምን ብለህ ትቆጣዋለህ?

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች፤ ከልቧ ነው። «የእርስዎን ያህል ለእነዚህ ችግኞች ያዘነ የለም። ግን ገደሏቸው።»

«እኔ?»

«ያልነኳቸው የባለጸጋው ችግኞች አሉኝ፤ ሙከራው አልጠፋም። እነዚህን ግን ገደሏቸው። ስኳሩን ከደጅ አፈሰሱበት። ከደጅ የፈሰሰ ስኳር ለሥሩ እንደ ጨዉ ሁሉ ውሃ የሚስብበት ሌላ ጠላት ነው። የበላውም ሻጋታና ጉንዳን ነው።»

«ታዲያ ስኳር ያድነዋል አላልሽም?»

«መጠኑ ነው አላልኩም፤ መንገዱ ነው ያልኩት። ከራሱ ቅጠል፣ በራሱ በር፣ በውስጥ መውረድ አለበት።»

«እኔ አልገባኝም» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል፤ ተከፍተዋል። «ባለጸጋው ስኳር ቸግሮት ነው የጠወለገው። አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው፣ እኔም የሰጠሁት ለዚያ ነው። ካልሆነ ይህ ሁሉ ትምህርት ወሬ ነው፤ ጓሮውንም ለቀቅ አድርጊልኝ። የሰፈሩ ኮሚቴ ለልደታ በዓል ይፀዳ ብሎ እየወተወተኝ ነው።»

ሶሲ አንድ ቀን ብቻ ለመነች። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ይምጡ። ባለጸጋው ስኳር ቸግሮት እንደሆነ በዓይንዎ ያያሉ። ቸግሮት ከሆነ እለቃለሁ።»

በማግስቱ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳትነካው ሦስቱም ጓሮ ተገናኙ። ሶሲ ስኳር ውሃ ካልቀመሱት ችግኞች ከባለጸጋው አንድ፣ ከቀጭኑ አንድ ቅጠል ቆረጠች። ሙሉመቤት የሻይ ምድጃዋን አምጥታ ውሃ አፍልታለች። «ለሳይንስ ያፈላሁት የመጀመሪያዬ ነው፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?» ትላለች። ሶሲ እሳቱን አጥፍታ፣ ቅጠሎቹን ከመድኃኒት ቤት በገዛችው አልኮል ውስጥ ከታ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀመጠችው። አረንጓዴው ቀለም ለቀቀ። ቅጠሎቹ ገርጥተው ወጡ።

«አሁን ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው» አለች። «ይህ ለቁስል የምንቀባው አዮዲን ነው። የተከማቸ ስታርች ካገኘ ይጠቁራል። ስታርች ማለት ቅጠሉ የተረፈውን ስኳር አድርቆ የሚያስቀምጥበት ነው። ሌሊቱን ወደ ታች የላከ ቅጠል ጠዋት ባዶ እጁን ይገኛል።»

መጀመሪያ የቀጭኑ ቅጠል ላይ ጠብ አደረገች። የአዮዲኑ ቢጫ ቀለም ብቻ ታየ።

«ድሃ ነው አላልኩም!» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል።

ሶሲ የባለጸጋው ቅጠል ላይ ጠብ አደረገች። ቅጠሉ ቀስ በቀስ ጠይም ሆነ፣ ከዚያ እንደ ማኅተም ቀለም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሄደ።

ጋሽ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ።

«ይህ...» አሉ ሽማግሌው፣ «ይህ ሁሉ ስኳር ነው?»

«ስኳር የነበረ ነው። ባለጸጋው ስኳር አልቸገረውም፣ ጋሼ። ሞልቶታል። በሮቹን ግን አልከፈተም። ከጭንቁ በፊትም ከጭንቁ በኋላም እንደ ልማዱ ነው።» ጀሪካኑን ገልብጣ የባለጸጋውን ሥር በውሃ አጥባ አሳየቻቸው፤ አጭር ነው፣ ቡናማ ነው፣ ሲነኩት ይበጠሳል። የቀጭኑን አጠበች፤ ነጭ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ወርዷል። «ይኼኛው ከላይ ለመታየት አልተጨነቀም። ያለውን ወደ ታች ላከ። ላዩ የከሳው ሥሩን ስላበላ ነው።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል የጠቆረውን ቅጠል በሁለት ጣታቸው አነሡት። «ጎተራው ሙሉ ሆኖ...»

«ሥሩ በረሃብ ሞተ» አለች ሶሲ።

«ካልወጣ...» አሉ ከልማድ። አልጨረሱትም። ሙሉመቤት ዓይኗን ወደ መጋዘኑ በር ወረወረች። ጋሽ ኃይለሚካኤልም የወረወረችበትን አዩ።

ነገር ግን ሽማግሌ ሲረታ እንኳ በክብር ነው የሚረታው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ። እንግዲያው እነዚህ በሮች ዘወትር ክፍት ይሁኑ። ለምን ማኅተም አስፈለገ?»

«የለም፣ ጋሼ! እሱም አይሆንም። አንድ የሩዝ በሽታ አለ፤ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ የራሱን አስመሳይ አዛዥ ይልክና እነዚያኑ በሮች ያስከፍታል። ስኳሩን ለራሱ ይጠጣል፤ ሩዙ ይደርቃል።»

«አይ የኔ ልጅ» አለች ሙሉመቤት፣ «በሩዝም የጓሮ በር ደላላ አለ በይኛ!»

«አለ። ስለዚህ ጥበቡ በሩን መዝጋትም አይደለም፣ መበርገድም አይደለም። ለተጨነቀው፣ በተጨነቀ ጊዜ፣ በትክክለኛው አዛዥ መክፈት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ካወቁ ዘር ሲመርጡ በቅጠሉ ስፋት አይታለሉም፤ ገና ችግኝ ሳለ የትኛው ወደ ሥሩ እንደሚልክ ያያሉ። የቀጭኑን በር ከባለጸጋው ምርት ጋር ማዳቀል ይቻል ይሆናል። ጨው የበዛበትን መሬት ሁሉ ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ከልክ ያለፈ ጨው ሁሉንም ይገድላል። ግን ለመተው ያሰበውን ማሳ ገና የሚያርሰው ገበሬ ካለ፣ ለእሱ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ተነሡ። ልብሳቸውን አራገፉ። «ልጄ፣ ችግኞችሽ የትም አይሄዱም። ኮሚቴውን እኔ እመልሳለሁ። አሁን ግን ጉዳይ አለኝ።»

ጉዳያቸው ምን እንደነበረ ሰፈሩ ያወቀው ከረፋዱ ነው። የሱቁ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበሩ ከሌሉ ምክትሉ ፈርሞ ማከፋፈል ይቻላል ይላል። ጋሽ ኃይለሚካኤል ይህን ያውቁ ነበር፤ ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ደንብ አይጠፋውም። ግን ደንብ ሁለት ዓይነት ነው፦ ለመዝጋት የሚጠቀስና ለመክፈት የማይጠቀስ። ምክትሉ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። የደንበኛ ግማሽ ራስ ላጭተው ቆመው ሳለ ጋሽ ኃይለሚካኤል ወረቀቱን ዘረጉላቸው።

«ሊቀመንበሩ ሳይመጡ?» አሉ ምክትሉ።

«ሊቀመንበሩ ስልጠናውን ጨርሰው ልምድ ልውውጥ ላይ ናቸው አሉ። እኛ ልምድ የምንለዋወጠው ከሩዝ ነው። ፈርም።»

ምክትሉ ምን እንደተባሉ ባይገባቸውም ፈረሙ። ጋሽ ኃይለሚካኤል የፊቱን በር ከፈቱ፤ የጓሮውን በር ግን ሁለተኛ ቁልፍ ጨመሩበት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አራስ ያለበት ቤትና አቅመ ደካማ ይቅደም አሉ፤ ቀጥሎ ሌላው በተራው። በመኪና የመጣ አንድ ነጋዴ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኛ እንግባባለን» ሲላቸው፣ «አውቅሃለሁ። ሩዝ ላይ በሽታ ታመጣለህ፤ ቅጠል ታደርቃለህ» አሉት። ሰውየው ሽማግሌው ጃጅተዋል ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ጋሽ ኃይለሚካኤል የፈሩት አልሆነም። መጋዘኑ ጎደለ፤ ስኳሩ ግን አልጠፋም። የት እንዳለ በዓይናቸው ያዩታል፦ ሙሉመቤት ምድጃ ላይ ነው፣ የአራሷ አጥሚት ውስጥ ነው፣ በየቤቱ ነው።

ግንቦት አንድ ልደታ ለማርያም ስትከበር ሰፈሩ እንደ ልማዱ ንፍሮውን ቀቅሎ ደጅ ወጣ። የኮሚቴው ሰዎች ጓሮው አልተፀዳም ብለው ሊያጉረመርሙ ነበር፤ ጋሽ ኃይለሚካኤል ግን በዓሉ እዚያው ይከበር ብለው በጀሪካኖቹ መሐል ጉዝጓዝ አስጎዘጎዙ። ሶሲ ናሙናዋን ሁሉ ለቤተ ሙከራ አድርሳለች። የመጀመሪያው ውጤትም መጥቶላታል፦ ጨው በመጣ ጊዜ የቀጭኑ በር አሠሪ ዘረመል ሲነቃ፣ የባለጸጋው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። «ገና ደግሜ ማየት አለብኝ» ትላለች፤ ፊቷ ግን በርቷል።

ሽማግሌው ለምርቃት ተነሡ። «ይህችን ልጅ ለወለደው ለመምህር ቃለሕይወት ምስጋና ይግባው። በሌላ አገር ሆነው ሩዝን ላጠኑት፣ ስማቸውን ለማናውቀው ሰዎች ምስጋና ይግባቸው። ለቀጭኑም ምስጋና ይግባው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ካልወጣ አይጠፋም ስል ኖርኩ፤ ካልወጣ እንደማይደርስ ያስተማረኝ እሱ ነው። የተማረ ልጅ ያላችሁ፣ ጓሮ ስጡት። የማይገባችሁን ነገር ሲያደርግ ብታዩ ከማስወጣታችሁ በፊት የቢራ ሳጥን ገልብጣችሁ ተቀመጡና ጠይቁት። እናንተም የተማራችሁ፣ ስትጠየቁ ተቀመጡ። እዚያ ጨው በበላው ማሳ ላይ የቆመውን ገበሬ እመቤቴ ታስበው፤ ለእሱም በሩ ይከፈትለት።»

«አሜን!» አለ ሰፈሩ።

«ሻይም ይቅረብ» አለች ሙሉመቤት። «ዛሬ ለጋሼ ሁለት ማንኪያ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሊቀመንበሩ ከጉዟቸው ገብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። በእጃቸው የምስክር ወረቀት ይዘዋል፤ ስልጠናው ስለ ፈጣን አገልግሎት አሰጣጥ ነበር።

«ስኳሩ ያለ ማኅተም ወጣ የሚባለው እውነት ነው?» አሉ። «ማን ፈቀደ?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ኃይለሚካኤል ዞረ። እሳቸው ከንፍሮው አንድ እፍኝ ለሊቀመንበሩ ዘገኑላቸውና ቢራ ሳጥን ገለበጡ።

«ይቀመጡ። ምክትልዎ በደንቡ መሠረት ፈርመዋል። ደንቡን ያስታወሰኝ ግን ያ ነው» አሉ፣ ጥግ ላይ ወደ ቆመው ቀጭን ሩዝ በአገጫቸው እያመለከቱ። ሊቀመንበሩ ሩዙን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ከዚያም ተቀምጠው ንፍሯቸውን በሉ። ከስልጠና የመጣ ሰው ይርበዋል።

ወደ ማታ ሰዉ ሲበተን ሶሲ ጀሪካኖቿን ልትሰበስብ ጎንበስ አለች። ጋሽ ኃይለሚካኤል አንዱን ቀጭን ለሱቁ መስኮት እንድታስቀርላቸው ለመኗት፤ እሷም በደስታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ብርጭቆ አንሥተው ከሥሩ ውሃ ሊያንቆረቁሩለት ሲሉ፣ ሶሲ ሳታስበው ክንዳቸውን ያዘች።

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል። «ስኳርም ጨውም የለበትም፤ ቀምሼዋለሁ።»